ሰፈሩ ሲጾም የሚበላው በሬ

«አንቺስ በራስሽ ትገቢያለሽ ወይስ ዘንድሮም ከአባትሽ መደብ ነው የምትበዪው?»

የጠየቁኝ ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ የሰፈራችን ዋና ነገረኛ። ያለነው ቀጨኔ፣ እትዬ ጠላ ቤት ውስጥ ነው። ጾም ሊገባ ሲል የቅርጫችን ሰዎች እዚያ ተሰብስበዋል፤ ለፋሲካ በሬ በጋራ ገዝተው፣ አርደው፣ እኩል መደብ የሚካፈሉት ጎረቤቶቻችን። አንድ ቤት አንድ መደብ ነው። እኔ ቤት የለኝም፤ አባቴን ተከትዬ ነው የመጣሁት። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የእንስሳት እርባታ ስለሆነ ግን ሰፈሩ «የከብት ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም ብዬ ማስረዳት ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።

ለጋሼ መልስ አልሰጠሁም። እኔ እኮ ከታክሲ ረዳት ጋር ሳልጨቃጨቅ ወርጄ የማላውቅ ሰው ነኝ! ግን ጥያቄው ሁለት ቦታ ነካኝ። አንደኛ ሥራ የለኝም፤ ጋሼም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ በራስ መግባት ማለት የሰፈሩ ሰው መሆን ማለት ነው፤ የኔ ልብ ደግሞ ከሰፈሩ ከወጣ ቆይቷል። ሲቪዬን ያላስገባሁበት ቦታ የለም። አንዱ ከጠራኝ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ውልቅ ነው፤ በቃ።

የዚያን ቀን ወሬ ግን እኔ አልነበርኩም። ቅርጫው ሊፈርስ ነበር። በሬ በየዓመቱ እየተወደደ ሰው አንድ አንድ እያለ ይወጣል፤ የቀሩትም «ከዚህ ሁሉ ጣጣ ከሉካንዳ በኪሎ ብንገዛስ?» ማለት ጀምረዋል። አባቴ ጥግ ላይ ለስላሳውን ይዞ ተቀምጧል። ጴንጤ ነን፤ ጠላ አይቀምስም። ግን የቅርጫው ዳኛ እሱ ነው።

ይህ ዳኝነት ለአባቴ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባቴ ሸማኔ ነው፤ በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ያደገ። ጉድጓድ ስል ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበትን ማለቴ ነው። ቀጨኔ ሲገባ ለብዙ ጊዜ ስም አልነበረውም፤ «ያ ሸማኔ» ነበር። አንድ ፋሲካ መደቡን የሚያከፋፍለው ሰውዬ ታሞ ቀረና አባቴ ተተካ። የጥለት ዓይን አለው፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ያመዋል። ሥጋውን ሲደረድር አንድም ሰው «የኔ አነሰ» አላለም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ስሙን ይጠራል። ቅርጫው ከፈረሰ አባቴ ሌላ ሹመት የለውም።

«እንግዲህ ሰው ካልቻለ ምን ይደረጋል» አለ ቀስ ብሎ። የለስላሳውን ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ ያሽከረክራል። ቀና ብሎ ሰው አያይም።

አላስቻለኝም።

«የሚወደድባችሁ እኮ ስለምትዘገዩ ነው!» ብዬ ተነሳሁ። «ከተማው ሁሉ በሬ በሚገዛበት ሳምንት ሄዳችሁ ትጋፋላችሁ፤ ከዚያ ተወደደ! አሁን ጾም ሲገባ ሥጋ የሚበላ የለም። ሉካንዳው ይዘጋል፣ ነጋዴው ከብቱን ታቅፎ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ቆላው ላይ ዝናብ ቀርቷል። ሳር የለም፤ ሁሉም ሰው በአንዴ ሊሸጥ ይወጣል። ከብቱ ይረክሳል፣ መኖው ይወደዳል። እንዲህ ባለ ዓመት መኖ ያለው ሰው ነው የሚያሸንፈው። የከሳውን አሁን እንግዛ፣ ጾሙን እናብላው፣ ለፋሲካ ሰንጋ ይሆናል።»

«እና እኛ መኖ አለን?» አሉ ጋሼ። «ምን ልታበዪው ነው፣ ኮብልስቶን?»

የእትዬን በርሜሎች አሳየኋቸው። «አተላ! እትዬ ጠላ በጠመቁ ቁጥር የሚወጣውን ሰው ይለምኑበታል፣ ውሰዱልኝ እያሉ። ፉርሽካና ገለባ ብንጨምርበት በቂ ነው።»

እትዬ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ቆሙ። ጓሯቸው ውስጥ በረት አለ። ላሞች ነበሯቸው፤ ከእንጦጦ ማዶ የሚመጣው ድርቆሽ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ዋጋው አልቀመስ ሲል ሸጠዋቸው ወደ ጠላ ዞሩ። «በረቱማ ማገዶ ነው የተኛበት» አሉ። «እናስነሳው ካላችሁ ይነሳል።»

አባቴ ቆርኪውን አቆመ። «ከስቶ ገዝተነው ቢሞትስ?» አለኝ።

«አይሞትም አባዬ።»

በምን አወቅሽ እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር። ደግነቱ አላለኝም።

ሸጎሌ ከብት ተራ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ አባቴና ጋሼ። ገና ከመግባታችን አንድ ደላላ «እህቴ፣ የዶሮ ተራው በወዲያ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ፤ አንተ ከዚያ አምልጠህ ነው?» አልኩት።

ጋሼን ሳቃቸው አሳላቸው። ደላላው ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ተከተለን፤ ይመስለኛል ወዶኛል።

ገበያውን እንደገመትኩት አገኘሁት። ከብት ሞልቷል፣ ገዢ የለም። ጎድናቸው የሚቆጠር በሬዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። የኔ ሥራ ደግሞ ተርቦ የከሳውን ታሞ ከከሳው መለየት ነበር። አፍንጫው እርጥብ ነው? ዓይኑ ጎድጉዷል? ያመሰኳል? ቆዳውን ስቆነጥጠው ይመለሳል? ፋንድያውን በእንጨት ገልብጬ አየሁ። ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ፤ «አራት ዓመት የተማርሽው ይሄንን ነው?» አሉ። ጥርሱን ሳይ አንዱ በሬ ሙሉ ምራቁን እጄ ላይ ለቀቀው። እሱን ወደድኩት። ዳልቻ ነው፣ አጥንቱ ሰፊ፣ ጉልበቱ ያልዛለ። የጎደለው ምግብ ብቻ ነበር።

ባለቤቱ ከቆላ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። «እስከ ፋሲካ ቢያቆዩት እኮ ይሻልዎት ነበር» አልኳቸው። ምን አስለፈለፈኝ? ገዢ ነኝ እኮ!

«በምን ላቆየው ልጄ? ወንዶቹን እየሸጥን ለላሞቹ ድርቆሽ እንገዛለን። ዝናብ ሲመለስ ላም ካለች ሁሉም ይመለሳል። ባለፈው ጊዜ ሳንሸጥ ቆየን፤ ወንዱም ሴቱም አለቀብን። አሁን መጀመሪያ ወንዱ ይሄዳል።»

ይህንኑ ለመመረቂያዬ ጽፌዋለሁ፤ ድርቅ ሲመጣ ቀድሞ መሸጥ፣ እናቶቹን ማትረፍ፣ ከብቱ ሥጋ ሳለ ወደ ገንዘብ መቀየር። ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ ግን እንዳሰብኩት አላስፈነጠዘኝም፤ ለኛ «ረከሰ» ያልነው ለሳቸው የግቢያቸው መጉደል ነው። አባቴ እንደገባው ፊቱ ላይ አየሁ። ጋሼ ገና ክርክሩን ሲያሟሙቁ እሱ እጁን ዘረጋና በሽማግሌው ዋጋ ጨረሰ።

«ምን ነካህ ሰውዬ? ገና አፌን ማሟሸቴ ነው!» ብለው ጮሁ ጋሼ።

«ይበቃል» አለ አባቴ። «እኚህ ሰውዬ ላሞች አሏቸው።»

ጋሼ ቀጨኔ እስክንደርስ አላናገሩትም። በሬውን ግን እሳቸው ነበሩ የጎተቱት።

ከዚያ ጾም ገባ።

አንድ ነገር ቀድሜ አስጠነቀቅኩ፤ ስም እንዳታወጡለት አልኩ። ከለመዱት በኋላ ፋሲካ ላይ ለቅሶ አልፈልግም። እትዬ ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ከአሁኑ ሻኛውን በዓይኔ እየበላሁት ነው» አሉ። ስለዚህ «እሱ» ተባለ። እሱ በላ? እሱ ጠጣ? እሱ ዛሬ እንዴት አደረ?

ለእያንዳንዱ ቤት ተራ አወጣሁ። በተራው ቀን አንድ ቤት አተላውንና ፉርሽካውን በኔ ልክ ቀላቅሎ ይሰጣል፤ ሌላው አርፎ ይቀመጣል። ቀላል ነው አይደል? ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ጎኑን እዳብሳለሁ። ጎድኑ እየተሸፈነ፣ ጸጉሩ እያበራ መጣ። በየቀኑ ሊያዩት የሚመጡ ሰዎች በዙ፤ ከቅርጫው የወጡትም ሳይቀሩ «በዚህ ሳልፍ ነው» እያሉ ጎራ ይላሉ። እትዬ ጠላ ቤት ገበያ ደራ። አባቴ ከሽመናው ሲመለስ ሳያየው ቤት አይገባም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጎምለል ማለት ጀምሬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ በራችንን በሁለት እጃቸው ደበደቡት። «እሱ ተነፍቷል!»

ስደርስ ግራ ጎኑ ተወጥሮ ወጥቷል። መታ መታ ሳደርገው እንደ ከበሮ ይጮሃል። አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው። አባቴ በረቱ በር ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።  ሁለታችንም ያንን ጥያቄ እያሰብን ነበር፤ ቢሞትስ?

ለእንስሳት ሐኪም ደወልኩ፤ ሱሉልታ ነኝ፣ እመጣለሁ አለ። እሱ እስኪደርስ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። «ዘይት!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ለበዓል ያስቀመጡትን ዘይት ይዘው ከተፍ አሉ። ጋሼ ጭንቅላቱን በብብታቸው ቆለፉት፣ እኔ በጠርሙስ በአፉ ጥግ አንቆረቆርኩ፤ ግማሹ ጋሼ ጃኬት ላይ ፈሰሰ።

«አሁን ዳገት! ፊቱ ከኋላው ከፍ ማለት አለበት፣ አየሩ እንዲወጣ!»

ዳገት ደግሞ ቀጨኔ ውስጥ አይፈለግም፤ ከበር ስትወጣ እዚያው ነው። አባቴ ከፊት ይስባል፣ ጋሼ ከኋላ ይገፋሉ፣ እኔ ጎኑን እያሸሁ እሮጣለሁ፣ እትዬ ባዶ ጠርሙሱን እንደያዙ ይከተላሉ። ሲያዩን ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ በሩጫ የሚሰበስቡ ሴቶች ነበሩ። ከላይ፣ ከማርያም ተሳልመው የሚወርዱ ነጠላ ለባሾች ቆመው አዩን።

«ለስለት ነው?» አሉ አንዲት እናት።

«አይ፣ እናቴ!» አሉ ጋሼ እያለከለኩ። «ስፖርት እያሠራነው ነው! ለማራቶን!»

ከዚያ ዳገቱ ከባድ በሆነበት ቦታ በሬው ቀጥ አለ። አንገቱን ዘረጋ። አገሳ። እንዲህ ያለ ግሳት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ ሽታው የጠላ ቤት ሽታ። ጋሼ አፍንጫቸውን ያዙ። «ጠጥቶ ነው እንዴ የወጣው!» እንደገና አገሳ። ጎኑ ሲሟሽሽ በዓይኔ አየሁ። ሴትዮዋ እልል አሉ፤ ለምን እንደሆነ እንኳን አያውቁም። እትዬም ተቀበሉ። አባቴ በሬው አንገት ላይ ግንባሩን አስደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አለቀሰ ብዬ ስደነግጥ ለካ ሳቅ ነው።

ሐኪሙ ከሰዓት መጥቶ አየው፤ ደህና ነው አለ። «ግን ምንድን ነው የበላው?»

እኔም ማወቅ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ሁሉንም እትዬ ቤት ሰበሰብኳቸው።

«ማን ነው ተጨማሪ የሰጠው?»

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።

«እሺ፣ ያላወቅኩ እንዳይመስላችሁ፣ ከአፉ የዳቦ ሽታ ነበር።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ዳቦ ስበላ በመስኮት ያየኛል። ምን ላድርግ? እያየኝ ልብላ?»

«እኔማ ትንሽ አተላ ነው የጨመርኩት» አሉ እትዬ። «እኛ ሽሮ በልተን ስናድር እሱ እንኳን ይድላው ብዬ።»

ከጥግ አንዷ ቡኮ ተርፏት ነበር። ሌላዋ ተልባ። አንዱ የተቀቀለ ድንች። አንዱም የሌላውን አያውቅም፤ ሁሉም በየፊናው፣ ተራው ሳይሆን፣ ሹልክ እያለ ነው የሚያበላው። እንግዳ ነው ብለው ነው! ሰፈሩ በሙሉ እየጾመ፣ የቀረበትን ሁሉ በአንድ በሬ አፍ ይበላ ነበር። የተማርኩት ትምህርት ውስጥ በሬን «በሞቴ» ብሎ የሚያጎርስ አርቢ የሚል ምዕራፍ የለም።

«የማንጾመው የኛ ቤትስ?» ብዬ ዞርኩ፤ ቢያንስ እኛ ቤት ንጹሕ እንሁን ብዬ።

አባቴ ጣሪያ አየ። «ቂጣ» አለ። «ትንሽ ቂጣ። ከናትሽ ጋር ሆነን።»

ጮህኩባቸው። አንቱ በምላቸው ሰዎች ሁሉ ላይ ጮህኩ። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ሊያጎርስ የፈለገ ሰው ያመጣውን ለኔ ይስጥ፣ እኔ እበላለታለሁ አልኩ። ጋሼ «ዳቦ ትወጃለሽ?» አሉ። ያኔ እኔም መሳቄን ማቆም አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ራሴ አበላሁት። ሰሞነ ሕማማት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሲቪ ካስገባሁባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ሌላ ከተማ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር የማስገባት ሥራ። ይህን ስልክ ስጠብቅ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ቀናት ነበሩ። «ከፋሲካ በኋላ ልንገራችሁ» አልኳቸው። አንድ እጄ ስልኩን ይዟል፣ አንዱ አተላ ውስጥ ነው።

የፋሲካ ጠዋት ጸሐይ ሳትወጣ ታረደ። ማንም አላለቀሰም። ቆዳው ሲገፈፍ ጋሼ ስቡን አይተው አፏጩ፤ ገበያ የሚታረድ ሰንጋ እንዲህ አይደለም አሉ። ኮባ ቅጠል ተነጠፈ፤ አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ መደቡን መደርደር ጀመረ። ከታናሹ፣ ከታላቁ፣ ከጎድኑ፣ ከሽንጡ፣ አንድም ሳያዛባ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይልና ዓይኑን ጨፍኖ ከፍቶ ያያል፤ አንዲት ቁራጭ ከዚህ ወደዚያ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየዋል። ዕጣው ወጣ። «የኔ አነሰ» ያለ የለም። አምና የወጡ ሁለት ቤቶች በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ አባቴ ጠርቶ ጉበት በሚጥሚጣ አቀመሳቸው።

ከታችኛው መንደር የሌላ ቅርጫ ዳኛ መጡ። መደቦቹን በዓይናቸው ከቆጠሩ በኋላ ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ለእንቁጣጣሽ የኛንም ትገዥልናለሽ? የድካምሽን እንከፍላለን።»

እትዬ ከኔ ቀድመው መለሱ። «በረቴ አራት ያስራል» አሉ።

 አራት። ክረምት ሳይገባ ገለባ ማከማቸት አለብኝ፣ ሳር በሚኖርበት ጊዜ ድርቆሽ ቀድሜ መያዝ አለብኝ፣ ቆላው ላይ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ሽማግሌውን መጠየቅ አለብኝ... ሌላው ከተማ ያለው ቢሮና ኮምፒውተሩ ትዝ አሉኝ። አላጓጉኝም። ቀለለኝ።

ሰው ሥጋውን በሳህንና በሳፋ እየያዘ ሲነሳ አባቴ «ቆይ፣ አትበተኑ» አለ። «የእንቁጣጣሹን በሬ ዛሬውኑ እንወቅ። ማን ማን አለ?» ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ። እትዬ አሉ። ጋሼ አሉ፤ «ክርክሩን ካልነጠቅከኝ» ብለው። የወጡት ሁለት ቤቶችም እጃቸውን አወጡ። የአባቴ ድምፅ እየጨመረ ሲሄድ ይሰማኛል።

«ሌላ?» አለ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፤ አፋቸው ላይ ያ የነገር ፈገግታ አለ። አሁን ግን እንዲጠይቁኝ አልጠበቅኳቸውም።

«እኔ» አልኩ። «አንድ መደብ። በራሴ እገባለሁ።»